ድምፅ ያለ ገመድ፤ ከወንጪ ጫፍ እስከ ሐይቁ ዳር

(በአምቦ ከተማ በተደረገው የማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ይህን በእጄ የያዝሁትን ማይክሮፎን ልብ ብላችሁ እንድትመለከቱልኝ እለምናለሁ። ገመድ የለውም። እዚያ ጥግ ላይ ከቆሙት ሞንታርቦዎች ጋር የሚያገናኘው አንዳች ነገር በዓይን አይታይም። ቢሆንም ቃሌ ይደርሳችኋል። የሚደርሳችሁም በቴሌቪዥን፣ በተንቀሳቃሽ ስልክ፣ በኤፍ ኤም ራዲዮና በሌላም ሞገድ በተጨናነቀው አየር ውስጥ ተሹለክልኮ ነው። የማኅበራችን ሥራ አመራር ስለዚህ ዕቃ ንግግር እንዳቀርብ ባዘዘኝ ጊዜ፣ በመጀመሪያ ያሰብሁት መማሪያ መጽሐፍ ገልጬ ስለ ሞገድ ጠባይ ላወራችሁ ነበር። ቆየት ብዬ ሳስበው ግን፣ ለአንድ አዛውንት መመለስ ሲገባኝ ሳልመልሰው የቀረሁት ጥያቄ ትዝ አለኝ። ስለዚህ ንግግሬ የዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ እንዲሆን ወሰንሁ።

እንደምታውቁት ወንጪ ከዚህ ከአምቦ በስተደቡብ፣ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ የሚገኝ፣ ጥንት በእሳተ ገሞራ ፈንድቶ አፉ ሐይቅ የሆነ ተራራ ነው። ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ 3,380 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖረው፣ ሐይቁ ከጫፉ በ500 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ በገደል ታጥሮ ተኝቷል። በሐይቁ ላይ ባለችው ደሴትም የቅዱስ ቂርቆስ ገዳም አለ። ወንጪ በ2012 ዓ.ም. በተጀመረው «ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክት ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ተመርጧል፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ ሰይሞታል። ከዚያ ወዲህ በተራራው ላይ በዓልና ስብሰባ በዝቷል፤ በዓል ባለበትም ማይክሮፎን አለ፤ ማይክሮፎን ባለበትም እኔንና መሰሎቼን መጥራት ግድ ነው።

ከእነዚህ በዓላት በአንዱ የድምፁን ሥራ የያዝሁት እኔ ነበርሁ። ከዋዜማው ደርሰን ታች በሐይቁ ዳር አደርን። ማታ ብርዱ ሲያንገበግበን፣ በሞገድ መቃኛ መሣሪያዬ አየሩን መረመርሁ። ከ598 እስከ 606 ሜጋኸርትዝ ያለው ክልል እንደ ታጠበ ሰሌዳ ንጹሕ ሆኖ አገኘሁት። አራት ድግግሞሾች መርጬ በአራቱ ማይክሮፎኖች ላይ ሞላሁና ተኛሁ። በማግሥቱ በዓሉ የሚደረገው ጫፉ ላይ ነበር። ጀኔሬተሩ ዘግይቶ ስለ መጣ ጊዜ አጠረን። እኔም ከተቀባዩ ሣጥን አጠገብ ቆሜ «አንድ፣ ሁለት» ብዬ ሞከርሁ፤ ድምፁ እንደ መስተዋት ጠራ። በዚህ ረካሁ።

በመክፈቻው ላይ አንድ አዛውንት የአገር ሽማግሌ ሊመርቁ ተነሡ። ማይክሮፎኑን ተቀብለው እንደ ደንባቸው በዝግታ ወደ ሕዝቡ ተራመዱ። ሥልሳ እርምጃ ያህል እንደ ራቁ፣ ድምፃቸው እንደ ዝናብ ባለ ሽውታ ተሸፈነ፤ ቀጥሎም ፈጽሞ ጠፋ። እርሳቸው ማይክሮፎኑን አገላብጠው ተመለከቱትና አጠገባቸው ለቆመ ልጅ ሰጡት። ከዚያም ወደ ሕዝቡ መካከል ገብተው በገዛ ድምፃቸው በአፋን ኦሮሞ መረቁ። ቅርብ ያሉት በየሐረጉ «ሀዬ» ይሉ ነበር። ራቅ ያሉት ምርቃቱ አልተሰማቸውም፤ ቅርቦቹ «ሀዬ» ሲሉ ሰምተው ግን እነርሱም «ሀዬ» ይሉ ነበር። እኔ ከሚክሰሩ ኋላ ቆሜ ይህን አየሁ፤ እስከ ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም።

በዓሉ ሲያበቃ ሄጄ «አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኋቸው። እርሳቸውም «ልጄ፣ ምርቃቱስ ደርሷል፤ ያንተ ዕቃ ግን ምን ሆኖ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «ሞገድ ገብቶበት ነው» ብዬ አለፍሁ። ይህ መልስ አይደለም። «በሽታ ይዞት ሞተ» እንደ ማለት ነው።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ድምፅ የአየር መርገብገብ ነው። ይህ መርገብገብ በማይክሮፎኑ ራስ ውስጥ ያለችውን ስስ ሽፋን ሲነካት እርስዋም አብራ ትርገበገባለች፤ ከዚህም እጅግ ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ይወለዳል። ምልክቱ በመጀመሪያ ይጎላል። ከዚያ በኋላ የሚደርስበትን ሰሚው ከቶ አይጠረጥረውም፤ ይኸውም ሆነ ተብሎ መልኩ ይለወጣል። በኤፍ ኤም ዘዴ በሚላክ ድምፅ ላይ የሚታከለው ሽውታ በቀጫጭኑ ድምፅ በኩል እየበረታ ስለሚሄድ፣ አስተላላፊው ቀጫጭኑን አስቀድሞ ከፍ አድርጎ ይልካል። ተቀባዩ በበኩሉ ያንኑ ያህል ዝቅ ያደርገዋል። ድምፁ ወደ ነበረበት ሲመለስ፣ በመንገድ የተደባለቀው ሽውታ አብሮ ይወርዳል።

ሁለተኛው ለውጥ መጨመቅ ነው። ጥሩ ድምፅ በእጅግ ዝቅተኛውና በእጅግ ከፍተኛው መካከል 100 ዴሲቤል ያህል ስፋት ሊኖረው ይችላል፤ ተራው የኤፍ ኤም መንገድ ግን የሚችለው የዚህን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ሰፊ ጋቢ በትንሽ ሣጥን መላክ የሚፈልግ ሰው አጣጥፎ እንደሚከተው ሁሉ፣ አስተላላፊውም የድምፁን ስፋት በሁለት አጥፎ 100ውን ዴሲቤል 50 ያደርገዋል። ተቀባዩ የታጠፈውን ይዘረጋዋል። ዝም በተባለ ጊዜም ማስፋፊያው ዝቅተኛውን ይበልጥ ዝቅ ስለሚያደርገው፣ ሽውታው ከጆሮ ይርቃል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ገዳቢ የሚባል ክፍል አለ። ተናጋሪው ድንገት ቢጮህ ምልክቱ ከተፈቀደለት ስፋት እንዳይወጣ ራሱን የሚቆርጥ ዘበኛ ነው። ከዚያም ምልክቱ በተሸካሚው ሞገድ ላይ ተጭኖ፣ ከ10 እስከ 50 ሚሊ ዋት በሚሆን ኃይል ከአንቴናው ይወጣል። ይህ ኃይል ከአንድ ትንሽ የእጅ ባትሪ አምፑል ኃይል ያነሰ ነው። አንቴናው ራሱ ለ600 ሜጋኸርትዝ 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ የሞገዱ ርዝመት ግማሽ ሜትር ስለሆነ፣ አንቴናው የዚያ ሩብ ነው።

ጋቢው ሲታጠፍና ሲዘረጋ ግን ሁልጊዜ ያለ እጥፋት ምልክት አይወጣም። ይህን ያስተማረኝ ጸናጽል ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ደብር የማኅሌቱን ድምፅ እንድይዝ ተጠይቄ፣ ትንሹን ማይክሮፎን በመሪጌታው ደረት ላይ አሰካሁ። መሪጌታው መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ጸናጽሉን በደረታቸው ትክክል ይዘው ቆሙ። ዜማው ሲጀመር ግሩም ነበር። ጸናጽሉ በተንሿሿ ቁጥር ግን ድምፃቸው ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ ጸናጽሉ ሲያርፍ ተመልሶ ይወጣል። ጎርፍ የሚያንገላታው ቅጠል ይመስል ነበር። እርሳቸውም በዕረፍቱ ጠርተው «ዜማውን ማን ነው የሚቆራርጠው?» አሉኝ።

የሚቆራርጠው ገዳቢው ነበር። የጸናጽል ድምፅ ከሞላ ጎደል ቀጫጭን ድምፅ ብቻ ነው። ለጆሮ እምብዛም የማይከብድ ቢሆንም፣ አስተላላፊው ቀጫጭኑን አስቀድሞ ከፍ ስለሚያደርግ፣ በመሣሪያው ውስጥ ሲደርስ ከመሪጌታው ድምፅ ይልቅ ገናና ይሆናል። ገዳቢው በዚህ ደንግጦ ሁሉንም በአንድነት ዝቅ ያደርጋል። መጨመቂያው የቀነሰውን ማስፋፊያው ይመልሰዋል፤ ገዳቢው የቆረጠውን ግን የሚመልስ ማንም የለም፣ ተቀባዩ መቆረጡን እንኳ አያውቅምና። ከበሮ ሲሆን ሕመሙ ሌላ ነው። ከበሮው ሲመታ ማስፋፊያው በሩን ወለል አድርጎ ይከፍታል፤ በተከፈተውም በር ሽውታው አብሮ ይገባል። የከበሮው ድምፅ ወፍራም፣ ሽውታው ቀጭን በመሆኑ አንዱ ሌላውን አይሸፍነውም። ስለዚህ ከምት ኋላ እንደ ሰው ትንፋሽ ያለ ነገር ይሰማል።

ያን ዕለት መድኃኒቱ ቀላል ሆነ። ማይክሮፎኑን ከደረታቸው ወደ ትከሻቸው አዛወርሁ፤ የአስተላላፊውን የድምፅ መቀበያ ልክ ዝቅ አድርጌ፣ የጎደለውን በሚክሰሩ ሞላሁ፤ ለከበሮው ደግሞ ባለ ገመድ ማይክሮፎን አቆምሁለት። በውጭ አገር ያሉ የሙያ ጓደኞቻችን አዲስ ማይክሮፎን ሲገዙ፣ የቁልፍ ዘለላ ከፊቱ አንሿሽተው መጨመቂያውን ይፈትኑታል። እኔ በቦርሳዬ ትንሽ ጸናጽል ይዤ እዞራለሁ። ሻጮች በመገረም ይመለከቱኛል፤ ነገር ግን ሁለት ጊዜ መጥፎ ዕቃ ከመግዛት አድኖኛል።

በአዲሶቹ ዲጂታል መሣሪያዎች ይህ ማጠፍና መዘርጋት ቀርቷል። ድምፁ በሰከንድ 48,000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱም ልክ በ24 ቢት ይጻፋል። ይህም በሰከንድ 1,152,000 ቢት ማለት ነው። ለአንድ ማይክሮፎን የሚሰጠው የ200 ኪሎ ኸርትዝ ስፋት ግን ለዚህ ሁሉ ስለሚጠብ፣ ቁጥሩ በስሌት አጥሮ ይላካል። በዚህም 3 ሺህኛ ሰከንድ ያህል ይዘገያል፤ ድምፅ በአየር አንድ ሜትር ያህል የሚጓዝበት ጊዜ ስለሆነ ማንም አያስተውለውም። ጥራቱ ደስ ያሰኛል። አንድ ጠባይ ግን አለው፤ አናሎጉ ሲታመም አስቀድሞ ያቃስታል፣ ዲጂታሉ ግን እስከ መጨረሻው ደህና መስሎ በድንገት ይወድቃል። በበኩሌ የሚያቃስተውን የምመርጥበት ቀን አለ።

አሁን ወደ ሞገዱ እንምጣ። አሜሪካዊው መሐንዲስ ኤድዊን አርምስትሮንግ በ1933 እ.ኤ.አ. ፈቃዱን ያገኘበት የኤፍ ኤም ዘዴ፣ ድምፁን በሞገዱ ቁመት ላይ ሳይሆን በሞገዱ ድግግሞሽ መለዋወጥ ላይ ይጽፋል። መብረቅም ሆነ የመኪና ሻማ የሚያናጋው ይበልጡን ቁመቱን ስለሆነ፣ ተቀባዩ ቁመቱን ቆርጦ ጥሎ የድግግሞሹን መለዋወጥ ብቻ ያነባል። ከዚህ የሚከተል አንድ የሚያስገርም ጠባይ አለ። ሁለት አስተላላፊዎች በአንድ ድግግሞሽ ቢገናኙ፣ ብርቱው ደካማውን ይውጠዋል፤ እንደ ሁለት ሰዎች ንግግር አይደባለቁም። ይህ ጠባይ በመጠኑ ይጠብቀናል፤ በመጠኑም ያታልለናል።

እዚሁ አምቦ በጥር ወር፣ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ባሉ ሁለት አዳራሾች ሁለት ሰርግ ተደረገ። በአንደኛው የነበርሁት እኔ ነኝ። የሙሽራይቱ አጎት ምስጋና ሲያቀርቡ ሁሉ ነገር ደህና ነበር። እንባ ቢያቋርጣቸው ማይክሮፎኑን በአውራ ጣታቸው አጠፉት። ወዲያው በእኛው ሞንታርቦ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለ ድምፃዊ የሌላይቱን ሙሽራ ስም እየጠራ ማወደስ ጀመረ! አጎቲቱ መልሰው ሲያበሩት ድምፃዊው ጠፋ፤ ሲያጠፉት መጣ። የእኛ አስተላላፊ እስከ በራ ድረስ ለእኛ ተቀባይ ብርቱው እርሱ ነበር። ሲጠፋ ግን ተቀባዩ ቀጥሎ ያገኘውን ያዘ። ይህን ለመከላከል ብዙ መሣሪያዎች ከድምፁ ጋር አንድ የማይሰማ፣ 32 ኪሎ ኸርትዝ አካባቢ ያለ የምስጢር ድምፅ ይልካሉ፤ ተቀባዩም ያን ካልሰማ በሩን አይከፍትም። ሁለታችን የያዝነው ግን የአንድ ፋብሪካ ዕቃ በመሆኑ፣ የእነርሱ ቁልፍ የእኛንም በር ይከፍት ነበር። ከዚያ ወዲህ እኔና የማዶው ባለሙያ በሰርግ ወራት ቅዳሜ ጠዋት እንደዋወላለን፤ «አንተ በስንት ነህ?» ነው ሰላምታችን።

ስለ ነጸብራቅ ባጭሩ ልለፍ። ሞገድ ከግድግዳ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከገደልና ከውኃ ላይ ነጥሮ ይመለሳል። ቀጥታ የመጣውና ነጥሮ የመጣው ሲገናኙ፣ በአንዱ ቦታ ይደጋገፋሉ፣ በሌላው ይጣፋሉ። በ600 ሜጋኸርትዝ ከአንዱ የመጣፊያ ቦታ እስከ ሌላው ሩብ ሜትር ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ እስክስታ የሚወርድ ድምፃዊ በአንድ መወዛወዝ ከጥሩው ወደ መጥፎው ይገባል። ስለዚህ ጥሩ ተቀባይ ሁለት አንቴና አለው፤ ከሁለቱ የተሻለውን በየጊዜው ይመርጣል። አንዱ አንቴና ከመቶ ጊዜ አንድ ጊዜ የሚደክም ቢሆንና ድካማቸው የማይያያዝ ቢሆን፣ ሁለቱ አብረው የሚደክሙት ከ10,000 አንድ ጊዜ ነው። ሁለቱን አንቴናዎች አጠገብ ለአጠገብ አስሮ ከመደርደሪያ ኋላ መሸሸግ ግን፣ አንዱን ከነአካቴው አውጥቶ እንደ መጣል ይቆጠራል። ከሕዝቡ ራስ በላይ ከፍ ይበሉ፤ የሰው ገላ አብዛኛው ውኃ ነውና ይህን ሞገድ ይጠጣዋል።

ብዙ ማይክሮፎን በአንድ መድረክ ላይ ሲኖር የሚመጣው ጣጣ ደግሞ እርስ በርስ የሚወልዱት ነው። በ600 እና በ601 ሜጋኸርትዝ የሚሠሩ ሁለት አስተላላፊዎች ሲቀራረቡ፣ የአንዱ ሞገድ በሌላው ማጉያ ውስጥ ገብቶ ማንም ያልላካቸውን በ599 እና በ602 ያሉ ሞገዶች ይወልዳል። አንደኛውን በሁለት አባዝታችሁ ሌላውን ብትቀንሱ ይህንኑ ታገኛላችሁ። እንግዲህ «አኳኋኑ ያምራል» ብሎ ሦስተኛውን ማይክሮፎን በ602 ላይ ያስቀመጠ ሰው፣ በሁለቱ ልጅ ላይ አስቀመጠው ማለት ነው። እኩል ርቀት ለዓይን ቢያምርም ለሞገድ ወጥመድ ነው። 600፣ 600.5 እና 601.3 ብንመርጥ ግን፣ ሦስቱ ከሚወልዷቸው ዘጠኝ ሞገዶች አንዱም ከ0.3 ሜጋኸርትዝ በላይ አይቀርባቸውም። እርሳስ ይዛችሁ ብታሰሉት ትደርሱበታላችሁ። ሦስት ሲሆኑ ዘጠኝ የሆኑት ልጆች፣ ማይክሮፎኖቹ ስምንት ሲሆኑ 224 ይሆናሉ። በዚህ ጊዜ እርሳሱ ቀርቶ ኮምፒዩተር ያስፈልጋል። ከዚህም ሌላ፣ በእኛ አገር ሁለት የመድረክ መሪዎች ሲገናኙ ማይክሮፎን በእጃቸው እንደያዙ ትከሻ ለትከሻ ሰላም መባባላቸው አይቀርም። ሁለቱ አስተላላፊዎች የሚሳሳሙት ያን ጊዜ ነው! ይህን ልማድ አስተዉ አልልም። ኃይላቸውን ከፍ አድርጎ ችግሩን ለማሸነፍ መሞከር ግን ከንቱ ነው፤ አስተላላፊዎቹ እያንዳንዳቸው በ1 ዴሲቤል ሲጨምሩ፣ የሚወልዱት በ3 ዴሲቤል ይጨምራልና።

የመኖሪያችን አጥርም እየጠበበ ሄዷል። ማይክሮፎኖቻችን የሚሠሩት በቴሌቪዥን ክልል ውስጥ ባሉ ክፍት ቦታዎች ነው። እኛ ባለንበት በአፍሪካና በአውሮፓ ክልል፣ በ2007 እ.ኤ.አ. የተደረገው የዓለም የራዲዮ ጉባኤ ከ790 እስከ 862 ሜጋኸርትዝ ያለውን፣ በ2012 እና በ2015 እ.ኤ.አ. የተደረጉት ደግሞ ከ694 እስከ 790 ያለውን ለተንቀሳቃሽ ስልክ ፈቀዱ። በአሜሪካም ከሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከ617 እስከ 652 እና ከ663 እስከ 698 ባለው ክልል በእነዚህ ማይክሮፎኖች መጠቀም ተከለከለ። እዚያ የተከለከለው ዕቃ አልተቃጠለም፤ በርከሰ። እዚህ በዘመድ ሻንጣ መጥቶ በእጄ ላይ የደረሰ ብዙ ነው። ዕቃው አይናቅም። ነገር ግን ፋብሪካው አዘጋጅቶ የሞላበት የድግግሞሽ ምድብ በአሜሪካ አጥር ልክ የተሰፋ ነው። እዚያ አንዱ የቴሌቪዥን ቻናል 6 ሜጋኸርትዝ፣ በእኛ 8 ሜጋኸርትዝ ነው። «ቻናል 38» ቢባል እዚያ ከ614 እስከ 620፣ በእኛ ግን ከ606 እስከ 614 ማለት ነው። መጽሐፉን አምኖ «ክፍት ነው» ያለ ሰው የሌላውን ቤት በር ይከፍታል። በአገራችን የራዲዮ ሞገድን ማስተዳደር በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተሰጠ ሥራ ስለሆነ፣ ከመግዛት በፊት መጠየቅ የሚገባው ከዚያ ነው።

ወደ ወንጪ ልመለስ። ከበዓሉ ማግሥት፣ ሁሉም ከሄደ በኋላ፣ መቃኛ መሣሪያዬን ይዤ እዚያው ጫፍ ላይ ቆምሁ። ታች በሐይቁ ዳር ባዶ የነበረው ከ598 እስከ 606 ያለው ክልል ባዶ አልነበረም። ግራና ቀኙ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ፣ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ፣ 8 ሜጋኸርትዝ የሚሰፋ ጉብታ ተቀምጦበታል። ይህ የዲጂታል ቴሌቪዥን ቻናል መልክ ነው። ለኤፍ ኤም ተቀባይ ሲሰማ ዜናም ሙዚቃም አይደለም፤ ሽውታ ብቻ ነው።

ታች ለምን አላየሁትም? የሐይቁ ዙሪያ ገደል 500 ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ ነው። እንዲህ ያለው ሞገድ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ከሩቅ የመጣው በጫፉ ላይ አልፎ ይሄዳል እንጂ ወደ ጉድጓዱ አይወርድም። እኔ የለካሁት የአገሩን አየር ሳይሆን የጉድጓዱን አየር ነበር። ጫፉ ግን ከአካባቢው ሜዳ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ከሜዳ 1,000 ሜትር ከፍ ብሎ የቆመ አንቴና 130 ኪሎ ሜትር ያህል «ያያል»፤ ላኪውም ከፍ ብሎ የቆመ ከሆነ ከዚያ አብልጦ። የቴሌቪዥን ማሰራጫ የቆመበት የፉሪ ተራራ ከወንጪ በቀጥታ መስመር 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወንጪ ጫፍ ላይ የቆመ ተቀባይ፣ ለሸዋ ሜዳ ሁሉ መስኮቱን ከፍቶ እንደ ተቀመጠ ሰው ነው።

ታዲያ ጠዋት ስሞክረው ለምን ደህና ሆነ? ከተቀባዩ ሦስት ሜትር ላይ ቆሜ ስለ ነበር ነው። ብርቱው ደካማውን ይውጣል ብያለሁ። በሦስት ሜትር ላይ የእኔ አስተላላፊ ያን ጉብታ እንዳልነበረ አድርጎ ውጦታል። አዛውንቱ ሥልሳ እርምጃ ሲሄዱ፣ አንዱን እርምጃ አንድ ሜትር ብንለው እንኳ፣ ርቀቱ ሃያ እጥፍ ሆነ፤ የሚደርሰውም ኃይል በ400 እጥፍ ቀነሰ። በመካከላችንም የቆመ ሕዝብ ነበር። የብርቱና የደካማው ቦታ ተለዋወጠ። መጀመሪያ ሽውታው መጣ፤ ቀጥሎ ተቀባዩ ምልክቱን አላምንም ብሎ በሩን ዘጋ። አዛውንቱ ማይክሮፎኑን ያገላበጡት ያን ጊዜ ነበር። ዕቃው አልተበላሸም ነበር፤ ባትሪ ድንጋዩም በብርዱ ቢደክምም አልሞተም ነበር። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ ሌሊት በአንድ ቦታ ለክቼ ቀን በሌላ ቦታ ሠራሁ፤ አጠገቤ ሞክሬ ሩቅ ላክሁ።

በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ወደ ወንጪ ተጠርቼ ስሄድ ቀድሜ ያነሣሁት መሣሪያ መቃኛው ነበር። ጫፉ ላይ፣ በዓሉ በሚደረግበት ሰዓት፣ ጀኔሬተሩና የብርሃን ማሳያው ሰሌዳ እየሠሩ ሳሉ ለካሁ፤ እንዲህ ያለው ሰሌዳም የራሱን ሽውታ ይረጫልና። የተቀባዮቹን አንቴናዎች ከሚክሰሩ አጠገብ አንሥቼ፣ በረጅም ገመድ ወደ መድረኩ ግራና ቀኝ ከሰው ራስ በላይ ሰቀልኋቸው። ረዳቴን ማይክሮፎን አስይዤ የሕዝቡ መጨረሻ እስከሚሆንበት ድረስ እየተናገረ እንዲሄድና እንዲመለስ አደረግሁ። ለመድረኩ መጀመሪያም ባለ ገመድ ማይክሮፎን አቆምሁ፤ ሰው ቢስቅብኝ ግድ የለኝም።

እኒያ አዛውንት በዚያ ዓመትም ነበሩ። ከበዓሉ በፊት አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ለእናንተ የነገርኋችሁን በአጭሩ ነገርኋቸው። ታች ለክቼ ላይ እንደ ሠራሁ ስነግራቸው ሳቁና «እኛ ከብት ሲጠፋብን ጫፍ ወጥተን እናያለን እንጂ ገደል ወርደን አንፈልግም» አሉኝ። ከዚያም ማይክሮፎኑን ተቀብለው ሄዱ። ሥልሳ እርምጃ አለፉ፤ ሰባ አለፉ። እኔ የተቀባዩን ብርሃን ከማየት በቀር ከምርቃቱ አንድም ቃል አላስታውስም። ከሩቁ የመጣው «ሀዬ» ግን በአንድ ጊዜ ከሁሉም አቅጣጫ ነበር።

ለማኅበራችን የማቀርበው አንድ ሐሳብ አለኝ፤ አዲስም አይደለም፣ ወጪም የለውም። እያንዳንዳችን በምንሠራበት ቦታ ያገኘነውን የሞገድ ልኬት፣ ቦታውን፣ ቀኑንና ከፍታውን ጨምሮ በአንድ መዝገብ እናሰባስብ። ከአምቦ፣ ከጉደር፣ ከጊንጪ፣ ከሆለታና ከወንጪ የእኔን ልኬቶች ይዤ መጥቻለሁ፤ ከንግግሩ በኋላ ለጸሐፊያችን እሰጣለሁ። የጫፉንና የሐይቁ ዳሩን ልኬት በተለያየ ገጽ ጽፌዋለሁ።

ከእኔ ቀጥለው የሚናገሩት የሥራ ባልደረባችን ደረታቸው ላይ የሰኩት ማይክሮፎን በዚሁ በእኔ ድግግሞሽ የተሞላ መሆኑን ከመድረኩ ግርጌ በምልክት እየነገሩኝ ነው። ስለዚህ የእኔን አሁን አጠፋዋለሁ።